«ሴሮቶኒንሽ ወርዷል» አሉኝ፤ የሚመረመረው የት ነው?

ማለዳ_አዲስ (አዲስ አበባ) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁም። ከፋሲካ ወዲህ ደህና አይደለሁም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል የለም። ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ ከራሴ ጋር እታገላለሁ። ምግብ አያሰኘኝም። ሆዴ ይነፋል፣ አናቴን ያቃጥለኛል፣ ያለ ምክንያት ሆዴን ባር ባር ይለኛል። በፊት ቡና ሲፈላ ወሬውን የማደምቀው እኔ ነበርኩ። አሁን ሰው ሲመጣ «ደክሞኛል» ብዬ ጓዳ እገባለሁ።

መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተብሎ የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ጨረስኩት፤ አልለቀቀኝም። ከዚያ ሌላ ሐኪም ቁጭ ብሎ ብዙ ጠየቀኝና «ድባቴ ነው» ብሎ ፍሎክሰቲን 20 ሚሊ ግራም ጻፈልኝ። ገዝቼዋለሁ፣ ግን አልጀመርኩትም። በቴሌግራም የምከታተላት የጤና አማካሪ አለች። ምልክቶቼን ስነግራት «ሴሮቶኒንሽ ወርዷል፤ የሐኪሙ ክኒን ሱስ ያስይዝሻል፤ እኔ ከውጭ የማስመጣው ፋይቭ ኤችቲፒ የሚባል እንክብል ይሻልሻል» አለችኝ። እሱንም ገዛሁት። እናቴ ደግሞ ጸበል እንሂድ ትለኛለች።

ጥያቄዬ፦ ሴሮቶኒን በደም ይለካል? የትኛው ላብራቶሪ ነው የሚሠራው? ሁለቱን አብሬ ብጀምርስ ቶሎ ይሻለኛል?

ናሆም_ሳሪስ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

አይዞሽ እህቴ። ሙዝ ብዪ፣ ጥቁር ቸኮሌት ብዪ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሙቂ። ሙዝ ውስጥ ሴሮቶኒን አለ። እኔ ሥራ ሳጣ እንዲህ ሆኜ ነበር፤ በየማለዳው መሮጥ ጀመርኩና ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ምርመራውን ግን አላውቅም።

ፋርማሲስቷ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ማለዳ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ አስቸኳዩ እሱ ነው። ሁለቱን አብረሽ እንዳትወስጂ። በፍጹም።

ሴሮቶኒን በነርቭ ሕዋሶች መካከል መልእክት የሚያመላልስ ንጥረ ነገር ነው። ፋይቭ ኤችቲፒ ሰውነት ሴሮቶኒን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። ፍሎክሰቲን ደግሞ የተለቀቀው ሴሮቶኒን ወደ ነርቭ ሕዋሱ ተመልሶ እንዳይገባ ያግዳል። አንዱ ሲጨምር ሌላው መውጫውን ሲዘጋ፣ ሴሮቶኒን ከልክ ያልፋል። ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ ይሆናል፣ ልብ ይደልቃል፣ ተቅማጥ ይመጣል፣ ጡንቻ ይገተራል። ሲብስ ኃይለኛ ትኩሳት ይነሳል፣ ሰው ይቃዣል፣ ሕይወትም ያልፋል። ሴሮቶኒን ሲንድረም የሚባለው ይህ ነው።

እዚሁ ላይ ትራማዶል ስለሚባለው የሕመም ማስታገሻ ልናገር፤ በየቀኑ ስለማየው ነው። ሰው ወገቤን አመመኝ ብሎ ማዘዣ ይዞ ይመጣል። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» እላለሁ። «የለም» ይላል። ገንዘብ ሊያወጣ ቦርሳውን ሲከፍት የፍሎክሰቲን ቅጠል አብሮ ብቅ ይላል። «ይሄስ?» ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱማ የጭንቀት ነው» ይለኛል። ብዙ ሰው የአእምሮ መድኃኒትን ከመድኃኒት አይቆጥረውም፣ ወይም ከኋላው የቆመው ሰው እንዳይሰማበት ይፈራል። ትራማዶልና ፍሎክሰቲን ሲገናኙ ያንኑ ሲንድረም ያመጣሉ። የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ሊያስነሱ ይችላሉ። ከዚያ በላይ ፍሎክሰቲን ትራማዶል በጉበት ተለውጦ ሕመም የሚያስታግስበትን መንገድ ስለሚያዳክም፣ ወገቡም በቅጡ አይሻለውም። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድም ከዚሁ ወገን ነው። እባካችሁ፣ መድኃኒት ቤት ስትመጡ ሁሉንም ንገሩን። ጮክ ብላችሁ ማለት ካልፈለጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉልን።

አሁን ወደ ምርመራው። ሴሮቶኒን በደም ይለካል ወይ ካልሽ፣ ይለካል። ላንቺ ግን አይጠቅምሽም። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ ያለው አንጀት ውስጥ ነው። መጀመሪያ የተገኘውም እዚያው ነው። ጣሊያናዊው ኤርስፓመር በ1930ዎቹ ከአንጀት ሽፋን አወጣው። በ1948 ክሊቭላንድ ውስጥ ራፖርት፣ ግሪንና ፔጅ የደም ሥርን የሚያኮማትር ነገር ሲፈልጉ ከደም አጣሩትና ሴሮቶኒን አሉት። አንጎል ውስጥ መኖሩ የታወቀው ከዚያ በኋላ በ1953 ነው፤ ያገኘችውም ቤቲ ትዋሮግ ናት።

አንጎል ደጃፍ ላይ ጥብቅ ዘበኛ አለ፤ በደም ውስጥ ያለውን ሴሮቶኒን አያሳልፍም። ስለዚህ ከክንድሽ የሚቀዳው ደም የአንጎልሽን አይናገርም። ምርመራው የሚታዘዘው በዋናነት ካርሲኖይድ ለሚባል ዕጢ ነው። እዚያ የሚፈለገው ደግሞ ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ ነው። ድባቴን በሴሮቶኒን ምርመራ የሚያረጋግጥ ላብራቶሪ አዲስ አበባም የለም፣ ለንደንም የለም። «ወርዷል» ያለችሽ ሰው ልታውቅ የምትችልበት መንገድ የላትም።

ናሆም ወንድሜ፣ ስለ ሩጫውና ስለ ፀሐዩ እስማማለሁ። ሙዝ ውስጥም ሴሮቶኒን አለ፤ ነገር ግን ያው ዘበኛ አያስገባውም። የሚገባው ትሪፕቶፋን የሚባለው ጥሬ ዕቃ ነው። እሱ ደግሞ በእንቁላል፣ በወተት፣ በአሳ፣ በሽምብራ፣ በሰሊጥና በዱባ ፍሬ ውስጥ ስላለ፣ በቅጡ የሚበላ ሰው አያጣውም።

ማለዳ፣ ሆድሽ መነፋቱ ከዚህ ጋር የሚያያዝበት መንገድ አለ። ሴሮቶኒን አንጀትን ከሚያንቀሳቅሱት ነገሮች አንዱ ነው። ስሜትና ሆድ በነርቭ ይነጋገራሉ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው መጀመሪያ ለጨጓራ የሚታከመው። ገንዘብሽን ልታወጪበት የሚገባው ምርመራ ሌላ ነው፦ የታይሮይድ፣ የደም ማነስ፣ የስኳር፣ ከተቻለም የቫይታሚን ቢ12። ታይሮይድ ሲያንስ ድካሙም፣ መደበቱም ልክ አንቺ እንዳልሽው ሊመጣ ይችላል፤ ሆድም ሊደርቅ ይችላል። ሐኪምሽ አዞልሽ ነበር?

እውነቱ_ይውጣ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ፋርማሲስቷ ጥሩ ብለሻል፤ ግን ግማሹን ነው የነገርሽን። በ2022 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የቀደሙትን ጥናቶች ሁሉ ገምግመው «ሴሮቶኒን ማነስ ድባቴን ያመጣል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ የለም» ብለዋል። ታዲያ የሌለ እጥረት የሚሞላ ክኒን ለምንድነው የሚሸጥልን?

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለዓመታት ዋጠው። ማልቀስ አቆመ፣ እውነት ነው። ግን መሳቅም አቆመ። አባታችን የሞተ ጊዜ ለቅሶው ላይ ዓይኑ አላነባም፤ «ምንም አልተሰማኝም» አለኝ። ክትትል በሄደ ቁጥር ማዘዣ ያድሱለታል፣ በቃ። እንዴት ነህ ብሎ አምስት ደቂቃ ያነጋገረው የለም። ማለዳ፣ ሳትጀምሪ ብትተዪው ይሻልሻል ባይ ነኝ።

ሬዚደንት_ሥነአእምሮ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12:50

የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ አሁን ነው ያየሁት።

እውነቱ ይውጣ፣ የወንድምህ ነገር አሳዝኖኛል፤ እመለስበታለሁ። የጠቀስከው ጥናት የጆአና ሞንክሪፍና የባልደረቦቿ ነው። ዋና ድምዳሜው እንዳልከው ነው። እኔም ለታካሚዎቼ «ሴሮቶኒን አንሶህ ነው» አልልም፤ የሚያስተምሩኝ ሐኪሞችም እንዲህ በሉ አይሉንም። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ግን ማወቅ ይጠቅማል።

የጀመረው በቲቢ መድኃኒት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ፣ ስታተን አይላንድ ባለ የቲቢ ሆስፒታል ኢፕሮኒያዚድ የተሰጣቸው ሕሙማን ስሜታቸው ተነቃቃ። አልጋ ላይ የሰነበቱ ሰዎች መጨፈር ጀመሩ። በኋላ ሲጠና መድኃኒቱ ሴሮቶኒንና መሰሎቹ እንዳይፈርሱ እንደሚያደርግ ታወቀ። ከዚያ በመነሳት በ1960ዎቹ እንደ እንግሊዛዊው አሌክ ኮፐን ያሉ ሐኪሞች «እንግዲያው ድባቴ የሴሮቶኒን ማነስ ይሆናል» አሉ። ያኔ መላ ምት ነበር። በ1987 መጨረሻ ፍሎክሰቲን አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ፣ መላ ምቱ በማስታወቂያ አማካይነት እንደተረጋገጠ እውነት ሆኖ ዓለምን ዞረ። ዛሬ ቴሌግራም ላይ የምንሰማው የዚያ ቅሪት ነው።

ቀዳዳው ግን ድሮም ይታይ ነበር። ፍሎክሰቲን ሴሮቶኒን ላይ የሚሠራው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሰው የሚሻለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ተመራማሪዎች በተለየ አመጋገብ የጤነኛ ሰዎችን ትሪፕቶፋን ዝቅ አድርገው አይተዋል። ጤነኞቹ ድባቴ አልያዛቸውም። በእንዲህ ዓይነት መድኃኒት ተሽሏቸው ከነበሩት ግን አንዳንዶቹ ምልክቱ ለጊዜው ተመለሰባቸው። ስለዚህ ሴሮቶኒን በነገሩ ውስጥ እጁ አለበት፤ ታሪኩ ግን «አነሰ፣ ሞላ» በሚል አያልቅም። ውርስ፣ ኀዘን፣ የልጅነት ጉዳት፣ ሥራ ማጣት፣ ጦርነት፣ ሌላ በሽታ፣ ሁሉም ይገቡበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ ክኒኑ ይሠራል ወይ? ይህ የተለየ ጥያቄ ነው፤ የተለየ ጥናትም አለው። በ2018 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የሲፕሪያኒና የባልደረቦቹ ሥራ 522 ሙከራዎችን፣ 116,477 ሰዎችን፣ 21 መድኃኒቶችን አነጻጽሯል። ሃያ አንዱም መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን በልጠዋል። ልዩነቱ በአማካይ መጠነኛ ነው። እኔ ግን አማካይ አላክምም። ውሃ እንኳ አልጠጣ ብለው በቃሬዛ የመጡ እናት ከሳምንታት በኋላ ራሳቸው ጠጉራቸውን ተሠርተው ለክትትል ሲመጡ አይቻለሁ። ምንም ያልጠቀመው ሰውም አይቻለሁ። ድባቴው ቀላል ከሆነ በምክክር፣ በእንቅስቃሴና የተቋረጠ ኑሮን ቀስ በቀስ በማስቀጠል መጀመር ይቻላል። ሰው መብላትና መተኛት ካቃተው ግን መድኃኒቱን አልንቅም።

ማለዳ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ዕድሜሽ ስንት ነው? ሌላው፣ መሞትን ተመኝተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ይህን ስለተጠየቀ ሐሳቡ አዲስ አይመጣበትም፤ ስለዚህ በግልጽ ነው የምጠይቀው። እዚህ መመለስ ካልፈለግሽ በግል መልእክት ጻፊልኝ።

ኬክሮስ_59 (ስቶክሆልም) · ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4:30

እኔ የምጨምረው ከብርሃን ጋር የተያያዘውን ነው። እዚህ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በጨለማ ሥራ ገብተህ በጨለማ ትወጣለህ። ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን ያለበት አገር ያደገ ሰው ምን እንደያዘው እንኳ አያውቅም። እንቅልፍ ይበዛበታል፣ ዳቦና ጣፋጭ ያምረዋል፣ ከሰው ይርቃል። ዘመድ ደውሎ «አውሮፓ ሆነህ ምን ጎደለህ?» ሲልህ ደግሞ ይብስብሃል።

ይህ ስም ያለው ነገር ነው፤ ወቅታዊ ድባቴ ይባላል። በ1984 መጀመሪያ በዝርዝር የገለጸው ኖርማን ሮዘንታል ነው። እሱም ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ ሲሄድ በራሱ ላይ ያየው ነገር ነበር። በ2002 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ከጤነኛ ወንዶች አንገት ሥር ደም እየቀዱ የአንጎልን የሴሮቶኒን ዝውውር ገመቱ። በብርዱ ወቅት ዝቅ ይላል፣ ፀሐይ በበዛበት ቀን ከፍ ይላል። ፋርማሲስቷ ከክንድ የሚቀዳው አይጠቅምም ያለችው ልክ ነው፤ እነሱ ከአንጎል የሚመለሰውን ደም ለማግኘት ነው አንገት ድረስ የሄዱት። ይህ ላብራቶሪ ገብቶ የሚታዘዝ ምርመራ አይደለም።

እኔን የረዳኝ የብርሃን መብራት ነው። 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚሰጥ፣ እንደነቃሁ 30 ደቂቃ፣ ፊት ለፊቴ አድርጌ ቁርሴን እበላለሁ። ዓይኑን የሚታመም ወይም ስሜቱ ከልክ በላይ የሚነሳና የሚወርድ ሰው ግን ሐኪም ሳይጠይቅ አይጀምር። ሚኒሶታ፣ ሲያትል፣ ኖርዌይ ያላችሁ ከመስከረም ጀምራችሁ ተዘጋጁ። ቫይታሚን ዲም ተመርመሩ፤ ጥቁር ቆዳ በደካማ ፀሐይ ብዙ አይሠራውም።

የልጅ_እናት (ጎንደር) · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:10

ማለዳ ልጄ፣ ስለ እናትሽ ነው የምጽፍልሽ። ጸበል እንሂድ ያለችሽ ጨንቋት ነው፤ አትቀየሚያት። የኔም ልጅ ታሞ ነበር። ጸበል ቦታ ስንደርስ አንዳንድ ሰዎች «ክኒን ይዘሽ አትግቢ፣ እምነትሽ ጎዶሎ ነው» አሉኝ። አንዲት ከልጇ ጋር የመጣች ሴት በዚህ የተነሳ ክኒኑን ጣለች። ልጁ ከሳምንት በኋላ ጭራሽ ብሶበት አየሁት።

እኔ አባቶችን ጠየቅሁ። «መድኃኒትንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ በጸበሉ ዋጪለት» አሉኝ። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው ነበር። ልጄን አስጠመቅሁት፣ ክኒኑንም በሰዓቱ ሰጠሁት። ዛሬ ሥራ ላይ ነው። እናትሽን ይዘሻት ወደ ሐኪሙ ሂጂ፤ ራሷ ትስማ።

ከሪም_ደሴ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:25

እማማ፣ እድሜ ይስጥዎ። እኛም ዘንድ ያው ነው፤ ዱዓውም ሩቅያውም ከሕክምናው ጋር ይሄዳል።

ሁለት ጥያቄ ለፋርማሲስቷ። ፍሎክሰቲን የሚወስድ ሰው ረመዳን ላይ እንዴት ያደርጋል? ሁለተኛው ስለ ጫት ነው። ጓደኛዬ «ሲደብረኝ ስቅም ቀለል ይለኛል» ይላል። በማግስቱ ግን ሰው አያናግርም።

ፋርማሲስቷ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:20

ከሪም፣ ፍሎክሰቲን በቀን አንዴ ስለሆነ ለጾም ምቹ ነው። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። በሱሑር ወይም በኢፍጣር ማድረግ ይቻላል። እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ሱሑርን ይምረጥ። ለኦርቶዶክስ ጾመኞችም እንዲሁ ነው፤ ማታ ሲበሉ ሊወስዱት ይችላሉ። ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ በጾም ምክንያት የሚቋረጥ መድኃኒት አይደለም።

ጫትን በተመለከተ፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን በዋናነት የሚነካው ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን ሌሎች የአንጎል መልእክተኞች ነው። ምርቃናው ከዚያ ነው። ካለፈ በኋላ ግን እንቅልፍ ይጠፋል፣ ዱካኩ ይመጣል፣ በማግስቱ ስሜት ይወድቃል። ያንን ለማባረር እንደገና ይቃማል። ድባቴ ያለበት ሰው ምርቃናውን መድኃኒት ብሎ ሲይዘው ዋናው በሽታ ሳይታከም ዓመት ይሄዳል። ጓደኛህን አትውቀሰው፤ ግን ሐኪሙ ስለ ጫቱ እንዲያውቅ አድርግ።

አንድ ነገር ለሁሉም፦ የደም መርጊያ ሕዋሶች ለሥራቸው ሴሮቶኒን ያስፈልጋቸዋል። ፍሎክሰቲን ይህን ስለሚቀንሰው፣ ከዳይክሎፌናክ፣ ከአይቡፕሮፌን ወይም ከአስፕሪን ጋር ሲወሰድ ጨጓራ የመድማት ዕድሉ ይጨምራል። ማለዳ ጨጓራዬ ብለሻልና ልብ በዪ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻልሻል።

ሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:05

እኔ የፍሎክሰቲን ወገን የሆነውን ሰርትራሊን ነው የምወስደው፤ ጠቅሞኛል። ባለፈው ግን ከተማው ውስጥ ጠፋ። መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ዞርኩ፣ የለም። ባቋረጥኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካኝ ይነዝረኝ ጀመር። ዓይኔን ወደ ጎን ባዞርኩ ቁጥር ይነዝረኛል። ያዞረኛል፣ በትንሽ በትልቁ ያስለቅሰኛል። በሽታዬ የተመለሰ መሰለኝ። ሐኪሜ ግን «በድንገት ስለተቋረጠብሽ ነው» ብሎ ወደ ፍሎክሰቲን ቀየረኝ፤ እሱ ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ። አሁን የክኒኑ ቅጠል ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነው ፍለጋ የምጀምረው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ማለዳ_አዲስ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ በአንድ አነበብኩት። የታይሮይድ ምርመራ አልታዘዘልኝም። የደም ማነስ አለብሽ ግን ተብዬ ነበር፤ የተሰጠኝን አይረን ሆዴን ስላደረቀኝ ትቼዋለሁ።

ለሬዚደንቱ፦ 24 ዓመቴ ነው። ራሴን ላጥፋ ብዬ አላውቅም። ግን ማታ ስተኛ «ባይነጋስ?» እላለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ብትሰማ ትሞታለች። መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል የሚለው ግን አሁንም ያስፈራኛል። ከጀመርኩስ በስንት ጊዜ ነው የሚሻለኝ?

ሬዚደንት_ሥነአእምሮ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ማለዳ፣ መናገርሽ ትልቅ ነገር ነው። «ባይነጋስ» የሚለው ሐሳብ ከድባቴው የሚመጣ ነው፤ ድባቴው ሲታከም ይሄዳል። ለሐኪምሽ ግን በዚሁ ቃል ንገሪው። በዚህ ሳምንት ሂጂ፤ ቀጠሮሽን አትጠብቂ። ለእህትሽ ወይም ለምትቀርቢያት ጓደኛሽ ዛሬ ማታ ንገሪ። የመድኃኒቱን ቅጠል ሌላ ሰው ይያዝልሽ፤ የየቀኑን ብቻ ይስጥሽ። ሐሳቡ ወደ «እንዲህ አድርጌ» ከተሻገረ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቅርብሽ ያለው ሆስፒታል ይበቃል፤ አማኑኤል፣ ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ የአእምሮ ሐኪም አለ። እናትሽም አትሞትም። እንደገመትኩት ከሆነ አንድ ነገር እንዳለ ካወቀች ቆይታለች።

ዕድሜሽን የጠየቅሁት በምክንያት ነው። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ሰዎች እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ሲጀምሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ በአንዳንዶቹ ላይ ሊጨምር ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያውን በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ አስጽፎበታል። ይህ መድኃኒቱን ያስከለክላል ማለት አይደለም። ሐኪምሽ በየሳምንቱ ሊያይሽ ይገባል፣ ቤት ውስጥም የሚያይሽ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። መቁነጥነጥ፣ ጭራሽ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ ያለፈ መፍጠን ካየሽ ወዲያው ተመለሺ። ከቤተሰብሽ ስሜቱ እጅግ ተነስቶ ገንዘብ የሚበትን፣ ሳይተኛ የሚሰነብት ሰው ካለም ለሐኪሙ ንገሪ፤ ያ ሕክምናውን ይቀይረዋል።

ሱስን በተመለከተ፣ ፍሎክሰቲን እንደ ጫት ወይም እንደ መጠጥ አምሮት አያመጣም፤ መጠኑን እየጨመርሽ እንድትሄጂም አያደርግም። በድንገት ሲቋረጥ ግን ሐይቅ ዳር ያለችው ይደርሳል፤ ስለዚህ ሲቆም በሐኪም ምክር ቀስ ተብሎ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ይጠበቃል። ብዙውን ጊዜ ይለቃል። መሻሉ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይጀምራል፤ አንዳንዴ እስከ 6 ወይም 8 ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ለውጡን ሌላ ሰው ቀድሞ ነው የሚያየው፤ «ዛሬ እኮ በላሽ» ይሉሻል። ከተሻለሽም በኋላ ቢያንስ 6 ወር መቀጠል አለበት። ደግሞ ያቋረጥሽውን አይረን አትርሺው፤ ደም ማነሱ ራሱ ያደክማል። ሆድ የማያደርቅ ዓይነት ወይም ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይቻላልና ጠይቂ።

ቤቲ_ሪያድ · ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6:10

ሥራ ጨርሼ አሁን ነው ስልክ የያዝኩት። ከአገር ቤት ስመጣ ለራስ ምታቴ አሚትሪፕቲሊን ይዤ ነበር፤ ማታ ማታ እውጣለሁ። እዚህ ደግሞ ሐኪም ፍሎክሰቲን ሰጠኝ። ስለ አሚትሪፕቲሊኑ ግን አልጠየቀኝም፣ ቋንቋውም አላግባባንም። አሁን አፌ ይደርቃል፣ ልቤ ይመታል። እህቴ ደግሞ በመጪው ወር ልትመጣ ነው፤ ትራማዶል ትያዝልኝ?

ፋርማሲስቷ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:00

ቤቲ እህቴ፣ ትራማዶሉን አትያዝ። ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ። ከዚያም በላይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጥብቅ የሚቆጣጠሩት መድኃኒት ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያሳስራል። ሌላም መድኃኒት ከያዘች ከነማሸጊያውና ከማዘዣው ጋር ይሁን፤ የሚፈቀደውንም ከመብረሯ በፊት ታጣራ።

ፍሎክሰቲን ጉበት አሚትሪፕቲሊንን የሚያስወግድበትን መንገድ ያዘገያል። አሚትሪፕቲሊን ደም ውስጥ ይከማቻል። የአፍ መድረቁና የልብ ምቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። መጠኑ ሲበዛ ልብን ስለሚጎዳ ቀላል አይደለም። ዛሬ ወደ ሐኪሙ ወይም ቅርብሽ ወዳለ መድኃኒት ቤት ሁለቱንም ቅጠል ይዘሽ ሂጂ። ቋንቋ አያስፈልግሽም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳዪያቸው፣ ስማቸውን አይተው ይገባቸዋል። ራስሽን ከሳትሽ ወይም ልብሽ ከተዘበራረቀ አሠሪሽን ቀስቅሺና ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

እውነቱ_ይውጣ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

ማለዳ፣ «ባይነጋስ» ያልሽውን ካነበብኩ በኋላ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ ነው የምልሽ። ሬዚደንት፣ የወንድሜን ነገር እመለስበታለሁ ብለህ ነበር።

ሬዚደንት_ሥነአእምሮ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:40

አልረሳሁትም። ለአባቱ ማልቀስ ያቃተው ሰው ትልቅ ነገር ነው ያጣው። የስሜት መደንዘዝ በእነዚህ መድኃኒቶች የሚታወቅ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ብዙ ጊዜ መጠኑ ሲቀንስ ወይም መድኃኒቱ ሲቀየር ይሻላል። የወሲብ ፍላጎት መጥፋትም አብሮት ይመጣል፤ ወንዶች አያወሩትም፣ እኛም ሳንጠይቅ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ መደንዘዙ ካልተሟላ ሕክምና የቀረ ድባቴ ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት ቁጭ ብሎ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ አምስት ደቂቃ አይበቃም ያልከው እውነት ነው። ቀን አንድ ሐኪም የሚያየው ሰው ብዛት ይህን እንደሚከለክል አውቃለሁ፤ ቢሆንም መብቱ ነው፣ ይጠይቅ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብረኸው ግባ። መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ሚሊ ግራም እንደሚወስድ፣ መደንዘዙ መጠኑ ከጨመረ በኋላ ይምጣ ወይም ከዚያ በፊት ይኑር ጻፍላቸው። በራሱ እንዳያቆም ብቻ።

ማለዳ_አዲስ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10

ለእህቴ ነገርኳት። ነገ ከእናቴ ጋር ሦስታችን ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን። ታይሮይድ፣ ቢ12፣ አይረን፣ «ባይነጋስ» የሚለውንም ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ፋርማሲስቷ፣ ያን ከውጭ የመጣ እንክብል ምን ላድርገው?

ፋርማሲስቷ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:25

አትዋጪው፣ ግን አትጣዪውም። ብልቃጡን ይዘሽ ሂጂና ለሐኪሙ አሳዪው። አንድም ቢሆን ወስደሽ ከሆነ መቼ እንደወሰድሽ ንገሪው፤ ፍሎክሰቲኑን የምትጀምሪበትን ቀን እሱ ይወስንልሻል።